ልደቱን ለገበያ ያወጣው ጃርት

ሶኒክ 20ኛ ዓመቱን በቀድሞ ባላንጣው ማሽን ላይ አከበረ፤ የትዝታ ንግድ ከቶኪዮ እስከ ደብረ ታቦር

ነጋዴ የበዓል ገበያን ከቀን መቁጠሪያ ላይ አንብቦ ይዘጋጃል። ለእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ፣ ለፋሲካ በግና በሬ ያቀርባል። ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ደግሞ የስሟ በዓል በሆነው በቡሄ ሰሞን ጅራፉ፣ ችቦውና ለሙልሙል የሚሆነው ዱቄት ተራቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። በዓሉን ነጋዴው አልፈጠረውም። የእሱ ድርሻ ቀኑን አስቀድሞ አውቆ ዕቃውን ማድረስ ነው፤ ቀኑ ካለፈበት ደግሞ ኪሳራውን መቁጠር።

በቀን መቁጠሪያ ላይ ያልነበረ በዓል ራሱ ፈጥሮ፣ ራሱ አክብሮ፣ የበዓሉንም ዕቃ ራሱ የሚሸጥ ኢንዱስትሪ ግን አለ። ይኸውም የቪዲዮ ጌም ኢንዱስትሪ ነው። አንድ ጌም ታትሞ በወጣ በአሥር፣ በሃያ፣ በሠላሳ ዓመቱ “ልደት” ይታወጅለታል፤ የጥንቱ ጌም ቀለም ተቀብቶ እንደገና ይወጣል፤ በልጅነቱ የተጫወተው ሰው አሁን ደመወዝተኛ ሆኗልና ሁለተኛ ጊዜ ይገዛዋል። ሸቀጡ ትዝታ ነው። ትዝታ መጋዘን አይጠይቅም፣ አይነቅዝም፣ እያደር ዋጋው የሚጨምርበትም ጊዜ አለ።

የዚህን ንግድ ባሕርይ አጉልተው ከሚያሳዩ ዕቃዎች አንዱ በኖቬምበር 2011 (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ የዋለ፣ ከደብዳቤ ቴምብር እምብዛም የማይበልጥ የጌም ካሴት ነው። ስሙ “ሶኒክ ጄኔሬሽንስ” ይባላል። ያወጣው የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ሲሆን፣ ለሳሎን ቴሌቪዥን ከተሠራው ወንድሙ ጎን ለጎን በኪስ ለሚያዘው ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ የእጅ ጌም ለብቻው ተሰናድቶ የቀረበ ነው። ምክንያቱም ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት 20 ዓመት ስለሞላው ነበር።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ቀላል ነው። ጃርቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ገደል ይዘላል፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይንጠላጠላል፣ መጨረሻው ላይ ለመድረስ ይጣደፋል። በመንገዱ ላይ የወርቅ ቀለበት ይለቅማል። ጠላት ከነካው ቀለበቶቹ ይበተኑበታል፤ ነገር ግን አንዲት ቀለበት እንኳ በእጁ ከነበረች በዚያ ምት አይሞትም። ባዶ እጁን የተገኘ ጊዜ ነው የሚያልቅለት። ለክፉ ቀን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የወረታ እህል ነጋዴ ይህን ደንብ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ገበያውን የሚመለከተው ዋናው ቁም ነገር ግን ከሩጫው አይደለም። ሴጋ የጃርቱን ልደት ያከበረው በገዛ ቤቱ ሳይሆን ለአሥር ዓመታት ደም በተቃባው ተፎካካሪው ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ወደዚያ እንዴት ደረሰ?

ምጣዱን በቅናሽ፣ ጤፉን በትርፍ

ሶኒክ የተወለደው ጁን 23 ቀን 1991 ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም የጌም ገበያ በኒንቴንዶ እጅ ነበር። ይህ ኩባንያ ዕድሜ ጠገብ ነው። አፄ ዮሐንስ፣ ደብረ ታቦርንም እንደ መናገሻ ይቀመጡባት የነበሩት ንጉሠ ነገሥት፣ መተማ ላይ በወደቁበት በዚያው በ1889 ኪዮቶ ከተማ ውስጥ የመጫወቻ ካርታ እየሠራ የተቋቋመ ቤት ነው። ሴጋ በበኩሉ ሜጋ ድራይቭ የተባለ ማሽን ነበረው፤ ማሽኑን የሚያሸጥለት ታዋቂ ገፀ ባሕርይ ግን አልነበረውም። ሶኒክ የተፈጠረው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

የአሜሪካውን ቅርንጫፍ ይመሩ የነበሩት ቶም ካሊንስኪ የማሽኑን ዋጋ ከ189 ወደ 149 ዶላር ዝቅ አድርገው፣ አዲሱን የሶኒክ ካሴት ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ጨመሩበት። የቶኪዮ አለቆቻቸው ሐሳቡን አልወደዱትም ነበር። ምርጡን ዕቃ እንደ ምርቃት መስጠት የትኛውን ነጋዴ ያስደስታል? ሂሳቡ ግን ትክክል ነበር። ምጣዱን በቅናሽ የሰጠ ሰው ጤፉን ዕድሜ ልክ ሊሸጥ ይችላል። ሴጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሜሪካን ገበያ ከኒንቴንዶ ጋር ተካፈለ።

በእጅ ጌም በኩል ግን ሴጋ ከመጀመሪያው ተሸንፎ ነበር፤ የሽንፈቱም ምክንያት ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም፤ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሴጋ በ1990 ያወጣው ጌም ጊር ባለ ቀለምና ባለ መብራት ስክሪን ነበረው። ነገር ግን 6 ድንጋይ ይበላና ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ሠርቶ ይጠፋል። የኒንቴንዶው ጌም ቦይ ከአንድ ዓመት በፊት በ1989 የወጣ ሲሆን፣ ስክሪኑ ቀለም አልባና ደብዛዛ ነበር፤ በ4 ድንጋይ ግን ከ10 ሰዓት በላይ ይዘልቃል። የጌም ቦይ አባት ጉንፔ ዮኮይ ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂን በአዲስ መንገድ መጠቀም ከአዲስና ውድ ቴክኖሎጂ እንደሚበልጥ ያምኑ ነበር። ገበያው ፈረደላቸው። ጌም ቦይ ከባለ ቀለሙ ታናሹ ጋር 118.69 ሚሊዮን ሲሸጥ፣ ጌም ጊር በ10 ሚሊዮን አካባቢ ቀረ። ማታ ማታ በሬዲዮና በእጅ ባትሪ መካከል ድንጋይ እያቀያየረ ያደገ ሰው ለየትኛው ይፈርድ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ቀጥሎ የመጣው ይበልጥ የከፋ ነው። የሴጋ ተከታይ ማሽኖች ተራ በተራ ከሰሩ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ኩባንያው ድሪምካስት የተባለውን የመጨረሻ ማሽኑን ማምረት እንደሚያቆምና ከእንግዲህ ለሌሎች ማሽኖች ጌም ብቻ እንደሚሠራ አስታወቀ። ሊቀ መንበሩ ኢሳኦ ኦካዋ ኩባንያውን ከውድቀት ለማትረፍ 695 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የግል ሀብታቸውን ሰጥተው፣ በማርች 2001 አረፉ። የጃርቱ 10ኛ ዓመት የተከበረው በዚህ ሐዘን መካከል ነው። በጁን 2001 የወጣው የልደት ጌም የተሸጠው ምርቱ በቆመ ማሽን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶኒክ በኒንቴንዶው ጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ብቅ ሲል የጃፓን ልጆች ዓይናቸውን አላመኑም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ሴጋ ከዚያ ወዲህ ሕንፃውን ያጣ ባለሱቅ ነው። በቀድሞ ተፎካካሪው ሕንፃ ላይ ቤት ተከራይቶ ይነግዳል፤ ኪራዩም በፈቃድ ክፍያ መልክ ከሚሸጠው እያንዳንዱ ካሴት ላይ ይቆረጣል። ሕንፃውን ቢያጣም የሱቁን ስም አላጣም። ማሽኖቹ ሁሉ ሞቱ፣ ጃርቱ ግን አልሞተም። ይህ ነጥብ ለባለሀብት አንባቢያን ከሌላው ሁሉ በላይ ሊጤን ይገባዋል፤ ምክንያቱም በሴጋ የሂሳብ መዝገብ ላይ ፋብሪካውና ማሽኑ አርጅተው ሲሰረዙ፣ በወረቀት ላይ የተሳለ አንድ እንስሳ ግን እያደር ዋጋ ጨመረ።

ሰባት ቦታዎች፣ ሦስት ዓይነት ገዢ

የልደት ዕቃ ሁልጊዜ አይሳካም። በ15ኛው ዓመት፣ በ2006፣ ሴጋ የመጀመሪያውን የ1991 ጌም ለጌም ቦይ አድቫንስ አዘጋጅቶ በልደት ስም ቢሸጠውም ፍጥነቱ የሚንቀራፈፍ ሆነ። በፍጥነቱ የታወቀ ጃርት ሲያነክስ ገዢው ተናደደ። በዚያው ዓመት ለትልልቅ ማሽኖች የወጣው የልደት ጌም ደግሞ ከዚያም በባሰ ስህተት የተሞላ ነበር። ሴጋ ጥፋቱን ለማረም ጊዜ ወስዶበታል። በ2010 ዝቅተኛ ግምገማ ያገኙ የሶኒክ ጌሞችን ከሽያጭ ማንሳት ጀመረ። የራሱን ዕቃ ከመደርደሪያ ላይ እያወረደ ማለት ነው። መጥፎ ቅቤ የተቀላቀለበት ነጋዴ ጥሩው ቅቤም እንዳይጠላበት ሲል ገንቦውን ቢደፋ የሚደረገው ይህንኑ ነው።

የ2011ዱ ካሴት የመጣው ከዚህ ጽዳት በኋላ ነው። የእጁን ጌም የሠራው በ2000 የተቋቋመው የኦሳካው ዲምፕስ ሲሆን፣ ከጌም ቦይ አድቫንስ ጀምሮ ሶኒክን በኪስ ማሽን ላይ ሲያስሮጥ የቆየ ቤት ነው። ዲምፕስ ሰባት ቦታዎችን መረጠ። አንደኛው ከ1991ዱ የመጀመሪያ ጌም አረንጓዴው ኮረብታ ነው። ሌሎቹ ከ1992፣ ከ1994፣ ከ1998፣ ከ2001፣ ከ2005ና ከ2010 ጌሞች የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ አንዴ በአጭሩና በወፍራሙ የጥንት ሶኒክ፣ ሌላ ጊዜ በረጅሙና በቀጭኑ የዛሬ ሶኒክ። ሁለቱ በታሪኩ ውስጥ ተገናኝተው ይተዋወቃሉ።

ከንግድ አንፃር ሲታይ ይህ ብልሃት ነው። የጥንቱን ሶኒክ የሚገዛው ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባ አባት ነው። የ1998ንና የ2001ን ቦታ የሚያስታውሰው ጎረምሳ ነው። የ2010ሩን የሚያውቀው ገና ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነው። ሦስት ዓይነት ገዢ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ካሴት። የቦታዎቹ ንድፍ፣ ሙዚቃውና ዝናው ደግሞ ከዓመታት በፊት ወጪያቸው የተመለሰ ነው። ከሰባቱ አንዱ፣ የ2005ቱ የውኃ ቤተ መንግሥት፣ ዲምፕስ ራሱ ለኒንቴንዶ ዲኤስ ከሠራው ጌም የመጣ ነው፤ ስለዚህ የኪሱ ሶኒክ የራሱን የኪስ ታሪክም አብሮ አክብሯል። ለቴሌቪዥን በወጣው ቅጂ ውስጥ ይህ ቦታ የለም።

ገምጋሚዎች ግን የእጁን ቅጂ አጭር ነው ብለው ወቀሱት፤ ከትልቁ ወንድሙም ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጡት። ፍርዳቸው ተገቢ ይመስላል። በ3ዲኤስ ጌሞች የተለመደ ዋጋ፣ ወደ 40 ዶላር፣ የከፈለ ሰው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጨርሶት ቢያጉረመርም ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የልደት ዕቃ የሚገዛ ሰው ለሰዓት ብዛት ብቻ አይከፍልም። ለቡሄ የሚጋገር ሙልሙልም ከሌላው ቀን ዳቦ በክብደት አይበልጥም።

ካሴቱ ያረፈበት ማሽን ራሱ በዚያ ዓመት ችግር ላይ ነበር። ኒንቴንዶ 3ዲኤስን በማርች 2011 በ249.99 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ አቀረበው፤ ገዢው ግን ሸሸ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት፣ ዋጋው ወደ 169.99 ዶላር ወረደ፤ የ80 ዶላር ቅናሽ ማለት ነው። ቀድመው በውድ የገዙ ደንበኞች እንዳይቀየሙ ኩባንያው 20 የድሮ ጌሞችን በነፃ ሰጣቸው። የካሳው ሸቀጥም ያው ትዝታ መሆኑን ልብ ይሏል። ፕሬዝዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ። ኒንቴንዶ በማርች 2012 የተዘጋውን የበጀት ዓመት 43 ቢሊዮን የን ያህል በሆነ የተጣራ ኪሳራ ነው የጨረሰው። ማሽኑን ያነሱት በዓመቱ መጨረሻ የወጡት የማሪዮ ጌሞች ሲሆኑ፣ አንደኛው በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው የሶኒክ ልደት በዋለበት በዚያው ወር ነበር። ባለሕንፃው ከተከራዩ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ እንደማለት ነው። ያም ሆኖ 3ዲኤስ በመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል።

ኒንቴንዶ ራሱ የልደት ንግድን ከሴጋ በላይ አስልቶ ሠርቶበታል። በ2020 ለማሪዮ 35ኛ ዓመት ሦስት የድሮ ጌሞችን በአንድ ካሴት አሰባስቦ ሲያወጣ፣ ሽያጩ ማርች 31 ቀን 2021 ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ አስታወቀ። ለዲጂታል ቅጂ እጥረት የለም፤ እጥረቱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው። ገዢው ተሻማ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ 9 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ከዚሁ ጋር በ49.99 ዶላር የወጣ፣ የመጀመሪያውን የ1985 ማሪዮ የያዘ ትንሽ የእጅ ጌምም ነበር። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ ዋጋው የት እንደሚደርስ ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲሱ ነገር የመጥፊያው ቀን በማስታወቂያ መነገሩ ነው።

ከወረታ ተገንጥሎ

ይህ ሁሉ ለደብረ ታቦር ገበያ ምኑ ነው? ከተማዋ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከወረታ ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ወልዲያ በሚያልፈው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ላይ ትገኛለች። ከጉና እግር ሥር ድንችና ገብስ ይወጣባታል፤ ከፎገራ ሜዳ ሩዝ ይገባባታል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚደርሳት ከመርካቶ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ነው። በከተማዋ ጓሮ ያለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት ቦታ ናት፤ የውጭ ማሽን ከመግዛት ይልቅ እዚሁ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለዚህች አገር አዲስ አይደለም።

በ2011 መጨረሻ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት በ2004 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ዶላር በባንክ 17 ብር አካባቢ ነበር። ማሽኑ በቅናሽ ዋጋው እንኳ ወደ 2,900 ብር፣ ካሴቱ 680 ብር ይመጣል፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የአስመጪው ትርፍ ሳይታሰብ። ይህ ከጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ በላይ ነው። በዚያ ላይ ባንክ ያለው ዶላር ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ቅድሚያ ሲሰጥ፣ ጌም የሚያመጣ ነጋዴ ከሰልፉ ጭራ ይቆማል። ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ሰልፉ ቢያጥርም ዋጋው ሽቅብ ወጥቷል። ከ57 ብር አካባቢ የተነሣው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የ40 ዶላር ካሴት ከ2,300 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ4,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ዋጋ ብቻም አይደለም መሰናክሉ። የእጅ ጌም ለአንድ ሰው እጅ የተሠራ ነው። በአገራችን ከተሞች ጌም የተስፋፋው ደግሞ በጋራ ወጪ ነው። አንድ ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው ቤት ተከራይቶ፣ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ በጨዋታ ወይም በሰዓት ሂሳብ ያስከፍላል። ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አሥሩ ከኋላ ቆመው ይከራከራሉ፣ የተሸነፈ ይነሳል። የማሽኑ ዋጋ በመቶ ልጆች ሳንቲም ይመለሳል። ከጆተኒና ከፑል ቤት የተወረሰ አሠራር ነው። 3ዲኤስ በዚህ አሠራር አይከራይም፤ ስክሪኑን ከኋላ ቆሞ የሚያይ የለም፣ ከዚያም አልፎ በኪስ ተከቶ በበሩ ሊወጣ ይችላል። የኪስ ማሽን ሀብታም ልጅ የሚፈልግ ማሽን ነው፤ የጌም ቤት ማሽን ግን ብዙ ድሃ ልጆች ቢኖሩት ይበቃዋል።

ስለዚህ የሶኒክ ልደት እዚህ የሚቆሰቁሰው ትዝታ አነስተኛ ነው። በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ የከተማ ሰው ስለ እጅ ጌም ቢጠየቅ የሚያስታውሰው ጡብ እየወረደ የሚደረደርበትን ርካሹን የቻይና ጌም፣ ወይም በኖኪያ ስልክ ላይ የሚያድገውን እባብ ነው። የጌም ቤት ትውልድ ደግሞ ዊኒንግ ኢለቨንንና ፊፋን። ትዝታ የሚሸጠው ቀድሞ ለተዘራበት ሰው ብቻ በመሆኑ፣ የሴጋን የልደት ካሴት በብዛት አስመጥቶ ደብረ ታቦር ላይ የሚዘረጋ ነጋዴ ቢኖር አጥብቆ መምከር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ለካሴቱ ሊመሰከርለት ይገባል። ኒንቴንዶ በማርች 27 ቀን 2023 የ3ዲኤስን የዲጂታል መደብር ዘጋ፤ በኤፕሪል 2024 ደግሞ በኔትወርክ የሚደረገውን ጨዋታ አቋረጠ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ደብረ ታቦርም ከዚያ አልወጣችም። መደብሩም ከተማዋም በአንድ ዓመት ውስጥ መስመር አጡ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በሞባይል ባንክ የሚሠራ ነጋዴ ምን እንደደረሰበት ራሱ ያውቀዋል። ካሴት ግን ይለፍ ቃልም፣ ኔትወርክም፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ባትሪው ከተሞላ ይሠራል። የሚነካና በእጅ የሚገባ ሸቀጥ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ዶሮዋ ትሮጣለች

በዛሬው ጊዜ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ያለው የእጅ ጌም ሞባይል ስልክ ነው። ማሽኑን ማስመጣት አያስፈልግም፤ ሰው በሌላ ምክንያት ገዝቶታል። እንግዲህ የሚቀረው ገፀ ባሕርይው ነው፤ እዚህ ላይ ነው የአገር ውስጥ ባለሀብት ጆሮውን ማቅናት ያለበት።

አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ቅኔ ቴክኖሎጂስ በ2018 “ኩኩሉ” የተባለ የስልክ ጌም አውጥቷል። ስሙ የልጆች ድብብቆሽ ጥሪ ነው። ባለታሪኳ ዶሮ ናት፤ ሊያርዳት ከሚያባርራት ገበሬ ትሸሻለች፤ መሰናክል እየዘለለች፣ እየታጠፈች ትሮጣለች። የሩጫና የዝላይ ጌም ነው፤ ከሶኒክ ጋር በሥጋ ዘመድ ባይሆን በአበ ልጅ ይዛመዳል። የድርጅቱን ስም ልብ ላለ ሰው ደግሞ ደቡብ ጎንደር ከአብነት ትምህርት ቤቶች አገር ናት፤ ስሙ ለጋይንትና ለፋርታ ጆሮ ባዕድ አይሆንም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል።

የኩኩሉ ብልሃት ትዝታን ከባዶ አለመጀመሩ ነው። በበዓል ዋዜማ ከቤት አምልጣ ጎረቤት አጥር የዘለለች ዶሮን ያላባረረ ኢትዮጵያዊ ልጅ ጥቂት ነው። ሴጋ ሃያ ዓመት ጠብቆ ያገኘውን ትዝታ ዶሮዋ ከተፈለፈለችበት ቀን ጀምሮ ይዛዋለች። ሆኖም የዶሮ ትዝታ የሁሉም ነው፤ ማንም ሌላ ዶሮ ሥሎ ሊያስሮጥ ይችላል። በግል ንብረትነት የሚያዘው የተለየው ሥዕልና ፕሮግራሙ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል። አዋጁ በወረቀት ላይ ያለውን ያህል በገበያ ላይ ይሠራል ለማለት ግን የማንኛውንም ከተማ የፊልምና የሙዚቃ ቅጂ ሱቆች አለመጎብኘት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ መሰብሰቢያው መንገድ ነው። የሴጋ ገዢ 40 ዶላሩን ከፍሎ ካሴቱን ይወስዳል። የኢትዮጵያ የስልክ ተጫዋች ግን ከውጭ መደብር ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ሲጠየቅ፣ በእጁ ያለው ብር ነው። ቴሌብር በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሳፋሪኮምም በ2022 መገባት ጀምሮ በ2023 ኤምፔሳን ካመጣ ወዲህ፣ አምስትና አሥር ብርን ከስልክ ወደ ስልክ መቀበል ተችሏል። ለጌም ቤት የሚከፈለውን ሳንቲም የሚያህል ክፍያ ማለት ነው። ይህን መንገድ ከጌሙ ጋር ያጋጠመ ድርጅት የጌም ቤቱን ሂሳብ ወደ ኪስ አዛወረ ማለት ይሆናል።

ሦስተኛውና ብዙ ባለሀብት የማያስበው ወጪ እድሳት ነው። የ2011 ካሴት ዛሬም ማሽኑ ላይ ቢሰካ ይከፈታል። የስልክ ጌም ግን እንደዚያ አይደለም። ጎግል በመደብሩ ያሉ ፕሮግራሞች ከአዳዲስ የአንድሮይድ ስሪቶች ጋር እንዲስማሙ በየጊዜው መታደሳቸውን ይጠይቃል፤ ያልታደሰው አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው ከመደብሩ አይታይም። የፕሮግራም ባለሙያ ደመወዝ በየዓመቱ ካልተመደበ ጌሙ አሥረኛ ዓመቱን ሳያይ ሊጠፋ ይችላል። ሴጋ ልደት ማክበር የቻለው የከሰሩትን ማሽኖች ጥሎ ጃርቱን በየአዲሱ ማሽን ላይ እያሳደሰ ስላቆየው ነው። ከካሴት አልፎም በ2020 ወደ ሲኒማ ወስዶታል፤ ሦስተኛው ፊልም በዲሴምበር 2024 ወጥቷል።

ሶኒክ ጁን 23 ቀን 2026 ላይ 35 ዓመት ይደፍናል። የኩኩሉ አሥረኛ ዓመት ደግሞ በ2028 ይውላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2020 እና በ2021 ዓ.ም. መካከል መሆኑ ነው። ለዚያ ቀን የሚሆን የልደት ዕቃ ከታሰበ ሥራው ከሁለት ዓመት በፊት መጀመር አለበት፤ ገንዘቡም ከዚያ በፊት።